የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ መልእክተኞቹን የገደሉት ገበሬዎች

ሰሞኑን ከደረሱን ደብዳቤዎች በርካቶቹ ስለ አንድ ምሳሌ ይጠይቃሉ። ጌታ ኢየሱስ ስለ ወይን አትክልት ገበሬዎች የተናገረው ነው፤ በማቴዎስ 21፥33-46፣ በማርቆስ 12፥1-12 እና በሉቃስ 20፥9-19 ይገኛል። ላላነበበ ወይም ለረሳ ታሪኩ በአጭሩ ይኸው። አንድ ሰው ወይን ተከለ። አጠረው፣ መጥመቂያ ቆፈረለት፣ የጥበቃ ግንብ ሠራለት፣ ከዚያም ለገበሬዎች አከራይቶ ወደ ሌላ አገር ሄደ። የፍሬው ጊዜ ሲደርስ ድርሻውን እንዲቀበሉለት አገልጋዮቹን ላከ። ገበሬዎቹ አንዱን ደበደቡ፣ አንዱን ገደሉ፣ ሌላውን በድንጋይ ወገሩ። ደግሞ ሌሎችን ላከ፤ እነሱም ያው ዕጣ ደረሳቸው። በመጨረሻ «ልጄንስ ያፍሩታል» ብሎ ልጁን ላከው። እነሱ ግን «ወራሹ ይህ ነው፤ ኑ፣ እንግደለውና ርስቱን እናግኝ» ተባባሉ። ገደሉትም። ባለቤቱ ግን ይመጣል፤ እነዚያን ገበሬዎች ያጠፋል፣ ወይኑንም ፍሬውን በየጊዜው ለሚያስረክቡ ለሌሎች ገበሬዎች ይሰጣል። ኢየሱስ በዚያው ላይ ግንበኞች የናቁት ድንጋይ የማዕዘን ራስ እንደሆነ ይናገራል።

ጥያቄ፦ በወጣቶች የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናታችን ላይ ይህን ምሳሌ አንብበን ተከራከርን። እኔ የባለቤቱ ነገር አልገባኝም። ሰዎቹ ተደብድበውበት፣ ተገድለውበት እንዴት ልጁን ይልካል? ሞኝነት አይሆንም? ገበሬዎቹስ ወራሹን ገድለን መሬቱን እንወርሳለን ብለው እንዴት አሰቡ? ታሪኩ በሙሉ የማይመስል ሆነብኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው። ብዙዎቻችን ምሳሌውን ከልጅነታችን ጀምሮ ስለሰማነው መገረም ትተናል። አንቺ ገርሞሻል፤ መገረምም ይገባል።

መጀመሪያ የሚመስለውን ከማይመስለው እንለይ። መሬትን አከራይቶ ሌላ አገር መኖር በዚያ ዘመን የታወቀ ነገር ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት የተጻፉ፣ በግብፅ የተገኙ፣ የዜኖን ፓፒረሶች የሚባሉ ሰነዶች አሉ። በግብፅ የሚኖር አንድ ከፍተኛ ባለሥልጣን ገሊላ አካባቢ ቤት ዓናት በምትባል ቦታ ትልቅ የወይን እርሻ እንደነበረው፣ የእርሻውንም ሁኔታ በወኪል ይከታተል እንደነበር ከእነሱ እናውቃለን። ስለዚህ የኢየሱስ አድማጮች ባለቤቱ ሩቅ መሆኑ አልደነቃቸውም። በመከር ጊዜ ድርሻ ተቀባይ መላኩም እንዲሁ።

ወይን ደግሞ ተተክሎ በዓመቱ የሚበላ ነገር አይደለም። በሙሴ ሕግ የአዲስ ተክል ፍሬ 3 ዓመት አይነካም፤ በ4ኛው ዓመት ለእግዚአብሔር የተቀደሰ ይሆናል፤ የሚበላው በ5ኛው ነው (ዘሌዋውያን 19፥23-25)። እንግዲህ ገበሬዎቹ ሲቆፍሩ፣ ሲገርዙ፣ ሲጠብቁ ዓመታት አልፈዋል ማለት ነው። ባለቤቱን አያዩትም። መሬቱን ግን በየቀኑ ይረግጡታል። በዚህ መሀል «የእኛ» ማለት ይጀመራል፤ መጀመሪያ በአፍ፣ በኋላ በልብ።

እንወርሳለን ብለው ያሰቡትስ? በአይሁድ የሕግ መድበል በሚሽና ውስጥ፣ መሬትን 3 ዓመት ያለ ተቃዋሚ የያዘ ሰው የባለቤትነት ክርክር ሊያነሳ እንደሚችል የሚገልጽ ደንብ አለ። ሚሽና የተጠናቀረው በ200 ዓ.ም. ገደማ ነው። ታዲያ እዚያው ላይ፣ የሰው መሬት በድርሻ የሚያርስ ገበሬ ይህ መብት እንደሌለው በግልጽ ተቀምጧል። ለምን ቢባል፣ መሬቱ ላይ ያለው በሌላ ሰው ፈቃድ እንደሆነ ይታወቃላ! ስለዚህ የሰዎቹ ሂሳብ በሕግ የሚያዋጣ አልነበረም። «ባለቤቱ ሩቅ ነው፣ ወራሹ ከሌለ ማን ይመጣብናል?» ነው ነገሩ። ይህ የሕግ ሂሳብ አይደለም፤ የስግብግብነት ሂሳብ ነው። ስግብግብነት ደግሞ ከግድያው በኋላ ያለውን ማግስት አያሰላም።

አሁን ወደ ባለቤቱ። እውነትሽን ነው፣ እንዲህ የሚያደርግ የመሬት ባለቤት የለም። የመጀመሪያው አገልጋይ ደም በደም ሆኖ ሲመለስ ሌላው ሰው ወታደር ይዞ ነበር የሚሄደው። ጌታ ታሪኩን ሆን ብሎ እዚህ ላይ ከተለመደው አወጣው፤ ምክንያቱም የሚናገረው ስለ መሬት ባለቤት ሳይሆን ስለ እግዚአብሔር ነው። የሚሰሙት ሰዎችም የገዛ ታሪካቸውን ያውቃሉ። እግዚአብሔር በኤርምያስ አፍ «ባሪያዎቼን ነቢያትን ሁሉ በየዕለቱ እየማለድሁ ላክሁባችሁ» ብሏል (ኤርምያስ 7፥25)። እነዚያ የተላኩት ምን ሆኑ? የዮዳሄ ልጅ ዘካርያስ በእግዚአብሔር ቤት አደባባይ ተወገረ። ያስወገረው ንጉሥ ኢዮአስ ነው፤ ያውም የዘካርያስ አባት ደብቆ አሳድጎ፣ ዙፋን ላይ ያስቀመጠው ንጉሥ (2ኛ ዜና 24)። ኦርዮ የሚባል ነቢይ ሸሽቶ ግብፅ ገባ። ንጉሡ ኢዮአቄም እዚያ ድረስ ሰው ልኮ አስመጣና በሰይፍ ገደለው (ኤርምያስ 26)። የይምላ ልጅ ሚክያስ በንጉሥ ፊት በጥፊ ተመትቶ ወህኒ ወረደ። ኤርምያስ ራሱ ተደብድቦ እግር ግንድ ውስጥ ታሰረ፤ በኋላም ጭቃ ያለበት ጉድጓድ ውስጥ ጣሉት። መጥምቁ ዮሐንስ ደግሞ ይህ ምሳሌ ከመነገሩ ብዙም ሳይቆይ በፊት አንገቱ ተቆርጧል። እና ምሳሌው የማይመስል አይደለም። የማይመስለው የእግዚአብሔር ትዕግሥት ነው።

በሉቃስ ላይ ባለቤቱ «ምን ላድርግ?» ሲል እንሰማዋለን። ይህን ቃል ስታነቢ ኢሳይያስ 5ን አብረሽ ክፈቺ፤ ኢየሱስ አጥሩን፣ መጥመቂያውን፣ ግንቡን ሁሉ የወሰደው ከዚያ ነው። እዚያም እግዚአብሔር ለወይኑ ከዚህ ሌላ ምን ላደርግለት ይገባኝ ነበር ብሎ ይጠይቃል። እኔ ይህን ሞኝነት ልለው አልችልም። ልጁን ከመላኩ በፊት ያልሞከረው የለም፤ ከልጁም በኋላ የሚልከው ሌላ የለም። ማርቆስ «የሚወደው አንድ ልጅ» ይለዋል። በዮርዳኖስ ጥምቀት ላይ ከሰማይ የተሰማውም «የምወድህ ልጄ» የሚል ድምፅ ነበር።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ፤ እኔ ምሳሌውን ባነበብኩ ቁጥር የሚይዘኝ እሱ ነው። ገበሬዎቹ ልጁን ሲያዩ «ይህ ማነው?» አላሉም። አወቁት! «ወራሹ ይህ ነው» አሉ። የገደሉት ስላላወቁት ሳይሆን ስላወቁት ነው። «ኑ፣ እንግደለው» የሚለው ቃላቸውም የዮሴፍ ወንድሞች ዮሴፍ ከሩቅ ሲመጣ አይተው የተባባሉት ነው (ዘፍጥረት 37፥20)። እነሱም ወንድማቸው መሆኑን ያውቁ ነበር፤ አባቱ አብልጦ እንደሚወደውም ያውቁ ነበር። የተላከ ሰው የሚጠላው ሁልጊዜ የሚናገረው ነገር ከባድ ስለሆነ ብቻ አይደለም። መምጣቱ ራሱ «ይህ የእናንተ አይደለም» የሚል ስለሆነ ነው።

ጥያቄ፦ እኔ በዕድሜ የገፋሁ ሰው ነኝ። ከወጣትነቴ ጀምሮ ስሰማ የኖርኩት «ምሳሌው እግዚአብሔር አይሁድን ጥሎ መንግሥቱን ለእኛ ለክርስቲያኖች እንደሰጠ ያሳያል» የሚል ነው። የልጅ ልጄ ግን «አያቴ፣ ይህ ስህተት ነው» ትለኛለች። ማናችን ነን ትክክል?

መልስ፦ አባቴ፣ ይቅርታዎን ይስጡኝና የልጅ ልጅዎ ትክክል ናት። እርስዎ የሰሙት ትርጓሜ ግን እርስዎ የፈጠሩት አይደለም። ለብዙ መቶ ዓመታት ሲሰበክ የኖረ ነው፤ በእሱ ሰበብም በአይሁድ ላይ ብዙ ግፍ ተፈጽሟል። ስለዚህ ነገሩን በጥሞና ብናየው ይሻላል።

ምሳሌው የተነገረው በኢየሩሳሌም፣ በቤተ መቅደሱ ውስጥ ነው። ጠያቂዎቹ የካህናት አለቆችና የሕዝብ ሽማግሌዎች ነበሩ። ጥያቄያቸውም «ይህን በማን ሥልጣን ታደርጋለህ?» የሚል ነበር። ኢየሱስ በዚያው ሰሞን ሻጮችንና ለዋጮችን ከቤተ መቅደሱ አስወጥቷል። እና ጥያቄያቸው በሌላ አነጋገር «ይህ ቤት የእኛ ነው፣ አንተን ማን ፈቀደልህ?» ማለት ነው። ምሳሌው የመጣው ለዚህ መልስ ሆኖ ነው። የአይሁድ ታሪክ ጸሐፊው ዮሴፈስ ስለዚያ ቤተ መቅደስ ሲጽፍ፣ ከመግቢያው በላይ የወርቅ ወይን እንደነበረ፣ ዘለላዎቹም የሰው ቁመት ያህሉ እንደነበር ይናገራል። ወይን የእስራኤል ምልክት እንደሆነ እዚያ የቆመ ሁሉ ያውቅ ነበር። ከወይኑ ሥር ግን አለቆቹ ቆመው ነበር።

አሁን ልዩነቱን ይመልከቱልኝ። በኢሳይያስ 5 ወይኑ ራሱ መጥፎ ፍሬ አፈራ፤ ስለዚህ አጥሩ ፈረሰ፣ ወይኑም ተረገጠ። በኢየሱስ ምሳሌ ግን ወይኑ አንዳች ጥፋት የለበትም። ፍሬም ሰጥቷል። አይነቀልም፣ አይቃጠልም። የሚባረሩት ገበሬዎቹ ናቸው። ወይኑ «የእስራኤል ቤት» ከሆነ (ኢሳይያስ 5፥7)፣ ኢየሱስ ሕዝቡን አላወገዘም፤ ሕዝቡን ከያዙት ሰዎች እጅ አወጣው እንጂ። ይህ ደግሞ አዲስ ሐሳብ አይደለም። ኢሳይያስ ከዚያው መዝሙር ጥቂት ቀደም ብሎ፣ እግዚአብሔር ከሽማግሌዎችና ከአለቆች ጋር እንደሚፋረድ ይናገራል። ክሱ ምንድን ነው? ወይኑን የጨረሳችሁት እናንተ ናችሁ፣ ከድሆች የዘረፋችሁት በቤታችሁ አለ የሚል ነው (3፥14)።

የምሳሌውን መጨረሻም ያንብቡ። የካህናት አለቆችና ፈሪሳውያን «ስለ እነርሱ እንደ ተናገረ አስተዋሉ» ይላል። ሊይዙት ፈለጉ፤ ግን ሕዝቡን ፈሩ፤ ሕዝቡ እንደ ነቢይ ያየው ነበርና። ሕዝቡ ማን ነው? አይሁድ። ኢየሱስ ራሱስ? ጴጥሮስስ፣ ዮሐንስስ፣ እናቱ ማርያምስ? በበዓለ ኀምሳ የተጠመቁት 3000 ሰዎችስ? ወይኑ የተሰጣቸው የመጀመሪያዎቹ «ሌሎች ገበሬዎች» አይሁድ ነበሩ፤ እኛ ከአሕዛብ የሆንን በኋላ ነው የተጨመርነው። ጳውሎስ በሮሜ 11 እንደዚህ ዓይነት ትምክህት ገና ሲጀምር አይቶት በወይራ ዛፍ ምሳሌ ይመልሳል፦ በቅርንጫፎቹ ላይ አትመካ፣ ሥሩ ነው አንተን የሚሸከምህ እንጂ አንተ ሥሩን አትሸከምም፣ እግዚአብሔር ለተፈጥሮ ቅርንጫፎች ካልራራ ለአንተም አይራራም እያለ።

ኢየሩሳሌም በ70 ዓ.ም. በሮማውያን መፍረሷን ከምሳሌው ጋር የሚያገናኙ መምህራን ብዙ ናቸው፤ አልቃወምም። ግን ያ የሰዎቹን ሥልጣን መጨረሻ ያሳያል እንጂ ለእኛ የባለቤትነት ወረቀት አይሰጠንም። አዲሶቹም ቢሆኑ ተከራዮች ናቸው። በምሳሌው መጨረሻ ላይ ከገበሬዎች መካከል ባለቤት የሆነ አንድም ሰው የለም። «ፍሬውን በየጊዜው የሚያስረክቡ» ነው የተባለው። እኛም የምናስረክበው አለብን። የልጅ ልጅዎን ስለ እኔ ሰላም ይበሉልኝ።

ጥያቄ፦ የምሳተፍበት ጉባኤ መሪ ይህን ምሳሌ አዘውትሮ ይሰብካል። በቅርቡ ከወንድሞች ጋር ሆነን ስለ መዋጮ ገንዘብ አያያዝ ጠየቅነው፤ ሌላ ምንም አላልንም። በሚቀጥለው ስብሰባ «እግዚአብሔር የላከውን የሚቃወሙ እንደ እነዚያ ገበሬዎች ይጠፋሉ» ብሎ ሰበከ። ሰው ሁሉ እኛን ዞሮ ያየን ጀመር። እውነት መልእክተኛ ተቃወምን? እንቅልፍ አጥቻለሁ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ በመጀመሪያ እንቅልፍህን ተኛ። ስለ ገንዘብ መጠየቅ መልእክተኛ መውገር አይደለም።

ይህ ነገር ስለሚያናድደኝ በግልጽ ልናገር። ምሳሌው ከተነገረ ጀምሮ እንዲህ ተገልብጦ ሲነበብ ማየት ያማል። አንተ ራስህ አንብበውና ጠይቅ፦ በምሳሌው ውስጥ ወይኑን የያዘው ማን ነው? ቁልፉስ በማን እጅ ነው? ፍሬው የሚከማቸውስ ማን ጋ ነው? ገበሬዎቹ ጋ። መልእክተኞቹ ግን ባዶ እጃቸውን መጡ። ዘበኛ የላቸውም፣ ጎተራ የላቸውም፣ ማንንም ከወይኑ የማባረር ሥልጣን የላቸውም። የመጡበትም ጉዳይ አንድ ነው፦ የባለቤቱ ድርሻ የት አለ? አንድ የጉባኤ መሪ ይህን ምሳሌ ሲሰብክ መጀመሪያ ራሱን መፈለግ ያለበት ገበሬዎቹ ውስጥ ነው። ጌታም የተናገረው ለእንደዚህ ዓይነት ሰዎች ነውና፤ በሃይማኖት ሥራ ላይ ለተቀመጡ፣ የሰው ሁሉ ዓይን ለሚያያቸው፣ በእግዚአብሔር ቤት ውስጥ «በማን ሥልጣን?» ለሚሉ።

ከላይ የጠቀስኳቸውን ነቢያት መለስ ብለህ እያቸው። ኤርምያስን የመታው ጳስኮር ካህን ነው፤ ያውም በቤተ መቅደሱ ላይ የተሾመ አለቃ። አሞጽን ከቤቴል «ሂድ፣ ከዚህ ጥፋ» ያለው አሜስያስ ካህን ነው። አሞጽ ደግሞ እረኛና የሾላ ፍሬ ለቃሚ ነበር፤ «ነቢይ ወይም የነቢይ ልጅ አይደለሁም» ብሎ ነው የመለሰለት። የተገፉት ብዙዎቹ ሥልጣን ያልነበራቸው፣ ባለሥልጣኑን የጠየቁ ሰዎች ናቸው።

በማርቆስ ወንጌል ይህ ምሳሌ ባለበት በዚያው ምዕራፍ ወረድ ብለህ ደግሞ አንብብ። ኢየሱስ ሰላምታና የክብር ወንበር ከሚወዱ፣ ጸሎት ከሚያስረዝሙ፣ የመበለቶችን ቤት ከሚበሉ ጻፎች ተጠበቁ ይላል። ወዲያው አንዲት ድሀ መበለት ያላትን ሁሉ፣ ሁለት ሳንቲም፣ መዝገቡ ውስጥ ስትጥል እናያለን። ወይኑ፣ የሚበሉት ሰዎች፣ የመበለቷ ሳንቲም፣ ሁሉም በአንድ ምዕራፍ ውስጥ ናቸው። ማርቆስ ይህን እንዲሁ ያስቀመጠው አይመስለኝም።

ጳውሎስስ ስለ ገንዘብ ሲጠየቅ ምን አደረገ? ሳይጠየቅ ነው ያደረገው! ለኢየሩሳሌም ድሆች ትልቅ መዋጮ ሲያሰባስብ ብቻውን አልያዘውም። አብያተ ክርስቲያናት የመረጡት ሰው አብሮ እንዲሄድ አደረገ። ምክንያቱንም ጻፈ፦ በዚህ ስጦታ ማንም እንዳይነቅፈን እንጠነቀቃለን፤ በጌታ ፊት ብቻ ሳይሆን በሰውም ፊት መልካም የሆነውን እናስባለን (2ኛ ቆሮንቶስ 8፥19-21)። ሐዋርያው ጳውሎስ «እኔን መጠየቅ እግዚአብሔርን መጠየቅ ነው» አላለም። የእናንተ መሪ ከየት አመጣው?

ይህን ስል ግን ሌላኛውን ገደልም ላሳይህ። የጠየቀ ሁሉ ነቢይ አይደለም፤ የተገፋ ሁሉም ትክክል አይደለም። በኤርምያስ ዘመን ሐናንያ የሚባል ነቢይ ነበር። በሁለት ዓመት ውስጥ የባቢሎን ቀንበር ይሰበራል ብሎ በሕዝብ ፊት ተናገረ። ደስ የሚል ቃል ነበር፤ ውሸት ነበር። ስለዚህ መወደድም መጠላትም ብቻውን ምልክት አይሆንም። እናንተም ጥያቄያችሁን ስትይዙ ምን እንደምትፈልጉ ልባችሁን መርምሩ፤ ፍሬው ለባለቤቱ እንዲደርስ ነው ወይስ መሪውን አንሥታችሁ እናንተ ወይኑን እንድትይዙ? ሁለተኛው ከሆነ ገበሬ በገበሬ መተካት ነው።

በተግባር ግን እንዲህ አድርጉ። ማቴዎስ 18፥15-17 ላይ ያለውን ቅደም ተከተል ያዙ። ብቻህን አግኘው፣ በረጋ መንፈስ ንገረው፤ ካልሰማ ሁለት ወይም ሦስት ምስክር ይዘህ ሂድ። ሽማግሌን መክሰስም ቢሆን በሁለት ወይም በሦስት ምስክር እንዲሆን ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ጽፎለታል (1ኛ ጢሞቴዎስ 5፥19)፤ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ግን ጥፋተኛ ሆኖ የተገኘው በሁሉ ፊት እንዲገሠጽ ያዛል። ሁለቱንም ቁጥር አንብቡ፤ አንዳንድ ሰው የመጀመሪያውን ብቻ ነው የሚያነበው። ጥያቄያችሁን በጽሑፍ አድርጉት። ስድብ አትጨምሩበት፤ ወሬም አትንዙ። ከእሱ በላይ የሚጠየቅ አካል ካለ ወደዚያ አቅርቡ። ይህን ሁሉ አድርጋችሁ መልሱ አሁንም እርግማን ከሆነ፣ ከዚያ ቦታ ብትወጡ ወይኑን ጥላችሁ አልወጣችሁም። ወይኑ የሰውዬው አይደለም።

ጥያቄ፦ በማርቆስ ላይ ልጁን ገድለው ከወይኑ አትክልት ውጭ ጣሉት ይላል። በማቴዎስና በሉቃስ ግን መጀመሪያ አወጡት፣ ከዚያ ገደሉት። የትኛው ነው ትክክል?

መልስ፦ አጭር መልስ ነው ያለኝ። ማርቆስ ሬሳውን እንኳ ሳያከብሩ፣ ሳይቀብሩ መጣላቸውን ያጎላል። ማቴዎስና ሉቃስ ግን ኢየሱስ ከከተማው ውጭ መሰቀሉን እያሰቡ የጻፉት ይመስላል፤ ዕብራውያን 13፥12 «ከበር ውጭ መከራን ተቀበለ» እንደሚለው። ሦስቱም ያንኑ ምሳሌ ነው የሚነግሩን፤ እያንዳንዱ ግን በራሱ አተራረክ። ለምሳሌ በሉቃስ ላይ ከልጁ በፊት የተገደለ አገልጋይ የለም፤ ይደበደባሉ፣ ይዋረዳሉ፣ ይቆስላሉ፣ ሞቱ ለልጁ ተጠብቆ ይቆያል። በማቴዎስ ላይ ደግሞ «ባለቤቱ ሲመጣ ምን ያደርጋቸዋል?» ተብለው ሲጠየቁ ፍርዱን የሚሰጡት አለቆቹ ራሳቸው ናቸው። ናታን ለዳዊት የአንዲቱን በግ ታሪክ ሲነግረው የሆነው ይኸው ነበር። ልዩነቱ፣ ዳዊት «በድያለሁ» አለ፤ እነዚህ ግን ሊይዙት ፈለጉ።

ጥያቄ፦ እኔ ይህን ምሳሌ ማንበብ እፈራለሁ። ለብዙ ዓመታት የመከሩኝን ሁሉ ስገፋ ኖሬያለሁ። እናቴን ሰድቤያታለሁ፣ አንድ አገልጋይ ቤቴ ድረስ መጥቶ በር ዘግቼበታለሁ። «በዚህ ድንጋይ ላይ የሚወድቅ ይቀጠቀጣል» የሚለውን ሳነብ ለእኔ ጊዜው ያለፈ ይመስለኛል። አልፏል?

መልስ፦ እህቴ፣ ምሳሌውን ላለሳልስልሽ አልፈልግም። መጨረሻ አለው። መላኩ ይቆማል፣ ባለቤቱ ራሱ ይመጣል፣ ይጠይቃል። ፍርሃትሽ ከባዶ የመጣ አይደለም፤ ቃሉን በቁም ነገር ስላነበብሽው ነው። ብዙዎች ያነቡትና ስለ ሌላ ሰው የተጻፈ መስሏቸው ያልፋሉ።

ግን ታሪኩ ልጁ ከተገደለ በኋላ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ምሳሌው የሚያቆምበት ቦታ ላይ የሐዋርያት ሥራ ይጀምራል። ጴጥሮስ በበዓለ ኀምሳ ቆሞ ለሕዝቡ «እናንተ የሰቀላችሁትን» ብሎ በግልጽ ነገራቸው። ልባቸው ተነካና «ምን እናድርግ?» አሉ። እሱም «አለቀላችሁ» አላላቸውም፤ ንስሐ ግቡ፣ ተጠመቁ አላቸው። ቀጥሎ ምዕራፍ 4 ላይ በአለቆቹ ፊት ቆመ፤ ሐናና ቀያፋ እዚያ ነበሩ። አንቺ የምትፈሪውን የድንጋይ ቃል ለእነሱ ነው የተናገረው፦ እናንተ ግንበኞች የናቃችሁት ድንጋይ የማዕዘን ራስ ሆነ አላቸው። ወዲያው ያስከተለው ግን ስለ መዳን ነው፤ እንድንበት ዘንድ የሚገባን ስም ይህ ነው የሚል። በዚያው ድንጋይ መሰናከልም ይቻላል፣ በላዩ መታነጽም ይቻላል። ምዕራፍ 6 ቁጥር 7 ላይ ደግሞ ብዙ ሰው ሳያስተውላት የሚያልፋት አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች፦ «ከካህናትም ብዙ ሰዎች ለሃይማኖት የታዘዙ ሆኑ።» ከካህናት! ልጁን ከገደሉት ሰዎች ቤት፣ በዚያው ቤተ መቅደስ ከሚያገለግሉት መካከል። እነሱ ከገቡ አንቺን ማን ይከለክልሻል?

ፍሬ ማስረከብ ምን እንደሆነ ግራ ካጋባሽ፣ መጥምቁ ዮሐንስ ለጠየቁት ሰዎች የመለሰውን አንብቢ፤ ሉቃስ 3፥10-14 ላይ አለ። ሁለት ልብስ ያለው ለሌለው ያካፍል። ቀራጭ ከታዘዘው በላይ አይቀበል። ወታደር ማንንም አይግፋ፣ በሐሰት አይክሰስ። አስማት የለውም፣ ሩቅ አገር መሄድም አይጠይቅም፤ ሁሉም ከሚሠራው ሥራ፣ ካለበት ቦታ ነው የተጀመረው።

እናትሽ በሕይወት ካሉ ወደ እሳቸው ሂጂ። ረጅም ንግግር አያስፈልግሽም፤ «እማዬ፣ ያኔ ያልሽኝ እውነት ነበር» ማለት ይበቃል። ካረፉ ደግሞ ለእግዚአብሔር ንገሪው። ያን በር የዘጋሽበትን ሰውም ፈልጊው። ምናልባት ያን ቀን ረስቶት ይሆናል፤ አንቺ ግን አልረሳሽውም። ሲመጣ ምን ሊነግርሽ እንደነበር ጠይቂው፤ በዚህ ጊዜ እስከ መጨረሻው ስሚው።